አንድ ካሬ ወዲህ

ቀያሹ አባት ሠላሳ አራት ዓመት የሰው መሬት ሲለኩ ኖረው፣ ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ካዛለው ወዲህ ከወንበራቸው እስከ መስኮቱ ያለችው ርቀት እንኳ ገደል ሆነችባቸው። ሐኪማቸው እቅጩን ነግራቸዋለች። «እጅዎ ካልሠራ እንዲሁ ደርቆ ይቀራል።» እሳቸው ግን ሦስት ወር ሙሉ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እንደ ሰው ዕቃ ያዩታል።

ልጃቸው ማተሚያ ቤት ውስጥ ገጽ ታቀናጃለች፤ ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ለኮምፒውተር ጌም ካርታ ትሠራለች። ጌሙ የሁለት ሰው ጦርነት ነው። አንዱ ሠራዊቱን አንቀሳቅሶ ሲጨርስ ለሌላው ተራ ይለቃል፤ እስከዚያ የሚያጣድፈው የለም። ከሕመሙ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ሲጫወቱ ቤቱ በጭቅጭቅ ይናወጥ ነበር፤ አባትየውም ሠራዊቷን ያለ ርኅራኄ ይደመስሱባት ነበር።

አንድ ቅዳሜ አዲስ ካርታ ሠርታ አቀረበችላቸው። በመሀል ወንዝ፣ ወንዙ ላይ አንድ ድልድይ፣ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ የሁለቱ ምሽግ። ድልድዩን የያዘ ጨዋታውን ያዘ ማለት ነው። አባቷ በግራ እጃቸው እየተንቀረፈፉ ተጫውተው አሸነፉ። በሳምንቱም አሸነፉ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። በሦስተኛው ቅዳሜ ጨዋታውን መሀል ላይ ተዉትና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው ካርታው የተከፋፈለባቸውን ካሬዎች መቁጠር ጀመሩ።

«ከኔ ምሽግ እስከ ድልድዩ ስድስት ካሬ። ካንቺ ዘጠኝ። ይኼን ካርታ ለማን ነው የሠራሽው?»

«ለሁለታችን ነዋ፣ አባዬ።»

«ውሸት። ለበሽተኛ ነው የሠራሽው» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ልጅቷ በእፍረት ፊቷ ነደደ። ዕድሜውን በድንበር ጠብ መሀል ቆሞ የጨረሰን ቀያሽ በሦስት ካሬ አታልላለሁ ማለት ምን የሚሉት ሞኝነት ነው! የደግ ልጅ ስህተት ነው፤ ስህተትነቱ ግን አልቀረም።

ሳምንቱን ሙሉ እንደ አዲስ ሠራችው። የካርታውን ግማሽ ብቻ ነድፋ፣ ያንኑ ገልብጣ በሌላኛው ወገን ለጠፈችው፤ ተራራ ለተራራ፣ ዛፍ ለዛፍ። ቅዳሜ አቀረበችላቸውና «ቁጠር» አለች።

ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። «ሰባት፣ ሰባት» አሉ። ልትስቅ ስትል ግን፣ «አሁንም ለኔ ያደላል» ብለው ቅስሟን ሰበሩት።

«እንዴት ተደርጎ!»

«የሚጀምረው ማነው?»

«አንተ ነሃ። ታላቅ ይጀምራል ያልከው ራስህ ነህ።»

«እኮ! መንገዱ እኩል ከሆነ ድልድዩ ላይ ሁሌም እቀድምሻለሁ። ያንቺን ምሽግ አንድ ካሬ ወዲህ አስጠጊው። መጀመሩ ለኔ፣ ቅርበቱ ላንቺ።»

ዓይኗ እስኪቀላ የለፋችበት ነውና ትዕግሥቷ አለቀ። «እንግዲያው ራስህ አስጠጋው!» ብላ ማውሱን ገፋችላቸው፤ በድሮው ልማድ፣ ወደ ቀኛቸው።

እሳቸውም በድሮው ልማድ በቀኝ እጃቸው ያዙት።

ሁለቱም ይህን ያስተዋሉት ምሽጉ ቦታውን ስቶ ተራራ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ልጅቷ ልታግዛቸው ተነሥታ ነበር፤ መልሳ ቁጭ አለችና እጆቿን ከጭኗ ሥር ቀበረቻቸው። አባትየው ጥርሳቸውን ነክሰው እንደገና ሞከሩ። ምሽጉ ወንዝ ገባ። «ይኼ ምሽግ ጠጥቷል እንዴ?» አሉ። በሦስት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ቀልዳቸው ነበር። በአምስተኛው ሙከራ ምሽጉ ቦታው ላይ ቁጭ አለ፣ አንድ ካሬ ቀረብ ብሎ።

ከዚያ ተጫወቱ። ማውሱን ወደ ግራ አላዞሩትም። አንዷን ተራ ለመጨረስ አምስት ደቂቃ ሲፈጅባቸው ጌሙም ልጅቷም ጠበቁ። በመጨረሻ ልጅቷ ድልድዩን ተሻግራ ምሽጋቸውን ያዘችው።

ማሸነፏ አስደነገጣት። ቀና ብላ አየቻቸው። እንደ ድሮው ጆሯቸው በንዴት ቀልቷል፤ ዓይናቸው ቦግ ብሏል።

«ድጋሚ!» አሉ።

ካርታውን ልትከፍት ስትል፣ «ቆይ፣ ቆይ» ብለው ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ያሹት ጀመር። «መጀመሪያ እጄ ትንሽ ይረፍ። ደክሞታል።»