እሳት የሌለበት ለቅሶ

«ካፖርታችሁን አታውልቁ፣ እሳት የለም» አለች አክስት ቢና፣ በሩ ላይ ቆማ ለቅሶ ደራሹን እየተቀበለች። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። ሶርካ ግን ጓዳ ሆና ሻይ ስትቀዳ ቃል በቃል ሰማቻት።

የሶርካ አባት ፌስተስ እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ በሳጥኑ ተኝቷል፣ መቁጠሪያው ጣቶቹ ላይ ተጠምጥሞ። ሰው ይገባል፣ ግንባሩን ይነካል፣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል፤ ከዚያ ሻይ ሊጠጣ ወደ ማብሰያ ቤቱ ሲያልፍ ጉዱን ያያል። በሬ የሚያህለው የድሮ የድንጋይ ምድጃ ፈርሶ አፉን ከፍቷል። ከፊቱ አዲስ ጥቁር የብረት ምድጃ ሳንቃ ላይ ተቀምጧል፤ በሩ መስታወት ነው፣ ከጭስ ማውጫው ጋር ግን ገና አልተገናኘም። በዚያ በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ ሬሳ የሚጠበቀው እሳት ተከቦ ነው። የፌስተስ ለቅሶ ላይ ግን ሰዉ ስኒውን በሁለት እጁ ጨብጦ ይንቀጠቀጣል።

«የቅድመ አያታችን እሳት ነበር» አለች ቢና አጠገቧ ለተቀመጠችው ጎረቤት። «በረሃቡ ዘመን እንኳ አልጠፋም። ይቺ ከእንግሊዝ መጥታ አስጠፋችው። ከዚያ ወዲያ ሳምንት አልቆየም።»

«ሳንባው ነው እንጂ ቢና…»

«ሳንባው? ዕድሜ ልኩን ጭስ ሲጠጣ ኖሮ ምን ሆነ?»

ሶርካ ይህንንም ከጓዳ ሆና ሰማች። እሷም የምታስበው ይህንኑ ነው።

ከበርሚንግሃም የመጣችው አባቷ ሳል ሲጠናበት፣ እስኪሻለው ልታስታምመው ነበር። ነፋሱ በተነሳ ቁጥር ጭሱን ወደ ቤት ይመልሰዋል፣ ሽማግሌው ትን እስኪለው ይስላል። «አባባ፣ ይሄ ጭስ ይገድልሃል። በብረት ምድጃ እናስቀይረው» ብትለው፣ «እኔን የሚያስለኝ ያንቺ ጭቅጭቅ ነው» ይላታል። ለእሳቱ ሲል ሰርግ ሄዶ አድሮ አያውቅም። ሚስቱ ጎልዌይ ሆስፒታል ስታጣጥር እንኳ ሲመሽ ተነስቶ ወደ እሳቱ ይመለስ ነበር። እናቷ የሞተችው ማንም አጠገቧ ሳይኖር ነው። ሶርካ ይህን ይቅር ብላው አታውቅም።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ አንድ ቀን ቁርሱን እየበላ «በይ ማላኪን ጥሪው» ያላት። ማላኪ በሰፈሩ ምድጃ የሚገጥም ሰው ነው። ሶርካ በመጨረሻ እንዳሸነፈችው ቆጠረች። በዚያን ምሽት አባቷ ፍሙን አመድ ሳያለብስ ገብቶ ተኛ። ጠዋት ተንበርክኮ አመዱን በመዳፉ ዳሰሰ።

«ሄደ» አለ፣ ስለ ሰው እንደሚናገር።

ማላኪ ድንጋዩን ፈንቅሎ የብረቱን ምድጃ እንዳስገባ ፌስተስ አልጋ ያዘ። ሥራው በዚያው ቆመ፣ እሱም ከአልጋው አልተነሳም።

በቀብሩ ዕለት ዝናብ ነበር። ከቀብር መልስ ሰዉ ዳቦና የአሳማ ሥጋውን ቀማምሶ ቶሎ ቶሎ ተበተነ፣ ማን በብርድ ይቀመጣል! ቢና ጓዳ ገብታ ስኒ ታጥባለች። ማላኪ ብቻ ቆቡን በእጁ እያሻሸ ወደኋላ ቀረ።

«ምድጃውን ልመልሰው እንዴ ሶርካ? ሱቁ ይቀበለኛል። ድንጋዩንም እንደ ድሮው እደረድርልሻለሁ።»

«ምን ዋጋ አለው? እኔ ነኝ የገደልኩት። ለሳንባው ብዬ፣ ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ…»

«ለሳንባው?» ማላኪ ደነገጠ። «እሱ እኮ ክረምቱን እንደማይዘልቅ ያውቅ ነበር። ሱቅ አብረን ሄደን ራሱ ነው የመረጠው።»

«ምን አለህ?»

«‹ለኔ አይደለም፣ ለልጅቷ ነው› አለኝ። ‹እኔ ስሞት እዚህ ጭስ ውስጥ ምን ትሠራለች? ትሄዳለች። ቤቱ ከሞቀላት ግን ትቀመጥ ይሆናል።› መስታወት ያለው ውድ ነው ስለው እንቢ አለኝ። ‹ብቻዋን ስትሆን እሳቱን ትየው› አለ።»

ሶርካ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከቀብሩ በኋላ እንደምትመለስ ለበርሚንግሃም አሠሪዎቿ አባቷ በሞተ ማግስት ደውላ ተናግራለች፤ ለማንም አልተነፈሰችም። እሷ አባቷን ለማቆየት እሳቱን አስጠፋች፣ እሱም እሷን ለማስቀረት አጠፋው። አንድ ቀን ቁጭ ብለው ቢጠያየቁ ኖሮ ሁለቱም እሳቱን ባልነኩት ነበር። እናቷ ስትሞት ያላጠፋውን ለእሷ አጠፋው፤ ይህ ደስ ሊላት ሲገባ ስለ እናቷ አንገበገባት።

«ግጠመው» አለች።

«አሁን? በዛሬ ቀን?»

«አሁን።»

ማላኪ ኮቱን አወለቀ። «እንግዲያው የጭሱን ቱቦ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ሊይዝልኝ የነበረው ፌስተስ ነው…» ብሎ አቋረጠው።

ሶርካ በሐዘን ልብሷ ጎንበስ ብላ ወደ ፈራረሰው የድንጋይ ምድጃ ውስጥ ገባች። ከላይ የወረደውን ቱቦ በሁለት እጇ ይዛ ከብረቱ ምድጃ አንገት ጋር አገጣጠመችው። ማላኪ ብሎኑን ዙሪያውን ሲያጠብቅ ጥላሸቱ ፀጉሯና ፊቷ ላይ ይዘንባል። ቢና ፎጣ ይዛ ብቅ አለች፣ ፎጣውን ወንበሩ ላይ ትታላት ተመለሰች።

«በቃ፣ ያዘ» አለ ማላኪ። «ልቀቂው።»

አልለቀቀችም።

«ሶርካ፣ ተገጥሟል እኮ። በራሱ ይቆማል።»

«አውቃለሁ» አለች። ፊቷን ወደ ድንጋዩ አዙራ ቱቦውን በሁለት እጇ የሙጥኝ ብላለች። ማላኪ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠና ጠበቃት።