ለማንጠግቦሽ የተተከለው ድንኳን

ሉማሜ ውስጥ ከዶሮ ቀድሞ የሚጮኸው ወሬ ነው። እንግዲህ በዚያች ከተማ ማንጠግቦሽ የምትባል ጌሾ ነጋዴ ነበረች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ያላት አንድ ልጅ፣ አበረ ብቻ ነው። አበረ ጢሙ ወጥቶ፣ ደረቱ ሰፍቶ፣ ሰላሳውን አልፏል፤ አእምሮው ግን ሲወለድ ጀምሮ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ቃሉ አጭር ነው። አንድ ነገር እስኪይዝ ደጋግሞ ማሳየት ያሻል፤ አንዴ ከያዘ ደግሞ ማን ያስለቅቀዋል! ሰዉ «የማንጠግቦሽ ሞኝ» ነው የሚለው። ክፉ ምላስ ያላቸውም «እናቱ አርግዛው ምን ረግጣ ይሆን?» ይላሉ። እንዲህ የሚሉት እነዚያው ጌሾ ሲገዙ «ምራቂ፣ ምራቂ» እያሉ ልቧን የሚያደርቋት ናቸው፤ ሌላ ማን ይላል።

ማንጠግቦሽ ለስድቡ ግድ የላትም። የሷም ምላስ ቢሆን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። እንቅልፍ የሚነሳት አንድ ነገር ነው፦ እኔ የሞትሁ ለት አበረን ማን አለህ ይለዋል? ዓይኗን ስትጨፍን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆሞ እጁን ሲዘረጋ ይታያታል። ስትገልጠውም ያው ነው።

አንድ ጊዜ የእድሩ ድንኳን ጠባቂ ሥራውን ጥሎ ደጀን ወረደ፤ ጭነት ይሻለኛል ብሎ። ማንጠግቦሽ ይህን በሰማች በነጋታው ነጠላዋን አጣፍታ እድርተኛው ከተቀመጠበት ዋርካ ስር ገባች።

«ልጄን ቅጠሩልኝ» አለች።

ሳቅ ሆነ። የእድሩ ዳኛ አያ እንዳላማው ግን አልሳቁም። ኮስታራ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው እንኳ ጥርሳቸውን ያየችው በሠርጓ ዕለት ነው ይባላል።

«ማንጠግቦሽ፣ እህል ከሆነ ችግርሽ ከየጎተራችን እናዋጣልሻለን። ድንኳን ግን የሙት ክብር ነው። ሞኝ አይጫወትበትም።»

«እህል አለኝ፣ አያ እንዳላማው። የለመንኋችሁ ሥራ ነው። በየልቅሶው አግዳሚውን ማን ነው ተሸክሞ የሚያመላልሰው? ኮሌጅ የገቡት ልጆቻችሁ ናቸው?»

ይሄኔ ጤናዬ ተነሳች። ጤናዬ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያላት፣ ከማንጠግቦሽ ጋር በአንድ ግድግዳ የምትኖር ሴት ናት፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» ትላለች።

«ማሳየቱን ለኔ ተዉት» አለች። «እስከ ፋሲካ ይሞከር። ካልሆነለት ያኔ እናስቀራለን።»

አያ እንዳላማው «እስከ ፋሲካ» አሉና ቁልፉን ወረወሩላት። «አንዲት ነገር ቢያበላሽ ግን ያቺ የመጨረሻዋ ናት።»

ጤናዬ ብልህ ናት። ከድንኳኑ ብረቶች ጫፍ ጫፍ ላይ ጨርቅ አሰረች፤ ቀይ ከቀይ፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ ይገጥማል። «ቀዩን ፈልግ። አሁን ወንድሙን ፈልግለት» ትለዋለች። ሲሳሳት ፈርሶ እንደገና ነው። ካስማ ሲመታ እሷ ታጨበጭባለች፤ የሻይ ቤቷ ደንበኛ ሻዩን ይዞ ያያል። ሰንበትበት ሲል አበረ ብቻውን ተከለው፤ ገመዱን ሲወጥረው ዝንብ አርፋበት የምትፈናጠር ይመስል ነበር። ቁልፉን በክር አድርጋ አንገቱ ላይ አሰረችለት። ከዚያ ወዲህ እሱም ቀና ብሎ ሄደ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ «ድንኳን ለማን?»

ጤናዬ አሰበች፣ አሰበችና «ሲጠሩት ለማይመልስ ሰው» አለችው። ሞትን ከዚህ ሌላ እንዴት ብላ ትንገረው? ያቺ መልስ ናት በኋላ ጉድ ያፈላችው።

ጾሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ማንጠግቦሽን ብርድ ብርድ አላት፣ ራሷን ፈለጣት። ጤና ጣቢያ ሄዳ መርፌ ተወጋችና ገብታ ተኛች። እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው! ለዓመታት ያጣችውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ልትከፍለው ነው መሰል።

ገና ጎህ ሲቀድ አበረ ተነሳ። «እማ!» አላት። ዝም። «እማ!» ዝም። እግሯ ስር ቁጭ ብሎ ጠራት፣ ጆሮዋ ስር ጠራት። ከዚያ ጋቢዋን እስከ አንገቷ አለበሳት፣ በሩን ገርበብ አደረገ፣ የእድሩን ዕቃ ቤት ከፍቶ ብረቱን ተሸከመ። ቀይ ከቀይ፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ። ፀሐይ ስትወጣ ድንኳኑ የማንጠግቦሽ ደጅ ላይ ቆሟል።

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ የሺዋስ ነው፤ ማታ ማታ አረቄ ቀመስ ያደርጋል። ሁልጊዜ መጀመሪያ እሱ ይነፋል፣ ከዚያ ነው ድንኳን የሚተከለው። ያን ለት ጠዋት ዓይኑን እያሸ ሲወጣ ድንኳኑን አየ። «ወይኔ! እንቅልፍ ጥሎኝ ሳልነፋ ቀረሁ!» ብሎ ጥሩምባውን ይዞ በረረ። ማን ሞተ ብሎ እንኳ አልጠየቀም፤ ድንኳኑ የማን ደጅ እንደሆነ አይቶ «ማንጠግቦሽ አርፋለች!» እያለ ከተማውን አዳረሰው። ሰዉስ ቢሆን? «እኔ እኮ ማታ ሰምቼ ነበር» የማይል ጠፋ። አንዷ እንዲያውም «ስታጣጥር አጠገቧ ነበርሁ» አለች። እንዲህ ነን እንግዲህ።

ማንጠግቦሽ የነቃችው በሙሾ ነው።

«ማንጠግቦሽ እናቴ፣ የጌሾ ነጋዴ፣
ሳትሰናበቺን መሄድ አለ እንዴ?»

ድምፁን አወቀችው። በዶሮ ነገር ተጣልታት ዓመት ሙሉ ያላናገረቻት የብርጓል ናት። «ውሸታም፣ እናቴ ይበልሽ!» አለች በልቧ። ቀጥሎ ግን የሚለቀሰው ለሷ መሆኑ ገባትና ቀዘቀዘች። ሞቻለሁ? ጣቷን ነከሰች፤ አመማት። ትንፋሿ አለ። ጥማቷም አለ።

ተነስታ ልትወጣ አለችና ተወችው። እስቲ ማን ይሙት፣ የራሷን ልቅሶ የመስማት ዕድል ገጥሟት ማን ይነሳል? ግድግዳው ጭቃው የረገፈበት ቦታ አለ፤ ዓይኗን እዚያ ላይ ደቀነች።

ያየችውን አላመነችም። ሰዉ ከድንኳኑ ተርፎ አስፋልቱ ድረስ ወጥቷል። ገበሬው ከነጅራፉ ቆሟል፣ ተማሪው ከነደብተሩ። የማታውቃቸው ሰዎች ከደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ወርደው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ። ሴቶቹ ንፍሮውን ጥደዋል። ጌሾ እየመዘነች፣ እየተሳደበች የኖረች አንዲት ድኻ! «ይሄ ሁሉ ሰው ለኔ ነው?» አለች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች።

አበረስ? አበረ አያለቅስም። ሥራ ላይ ነው። የመጣውን እጁን ይዞ ያስቀምጣል፤ የምትጮህ ሴት ካለ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል፤ በየልቅሶው ሲባል የሰማውን። «እማስ?» ሲሉት «ተኝታለች» ይላል። እሱ እንዲህ ባለ ቁጥር ልቅሶው ይብሳል። ገብቶ የሚያያት ግን የለም፤ ካህኑን ይጠብቃሉ።

ወዲያው ደግሞ የማንጠግቦሽ ጆሮ ሌላ ነገር ያዘ። ዕድሜዋን ሁሉ የፈራችውን ጥያቄ፣ እዚያው ግድግዳው ሥር አነሱት።

«እንግዲህ አበረ እኔ ጋ ነው» አለች ጤናዬ ንፍጧን እየጠረገች። «የሚለየን ግድግዳ ነው፤ እሱንም አፈርሰዋለሁ።»

«ለምን አንቺ ጋ? አጥር ጥግ ለጥግ አይደለን?» አለች የብርጓል፣ ባለ ዶሮዋ። «ከልጆቼ ጋር ይበላል።»

«ዶሮሽን እንኳ መጠበቅ ያቃተሽ!»

«ዝም በሉ እናንተ!» አሉ አያ እንዳላማው። የሚቆጡ መሰላት፤ ድምፃቸው ግን እንደ ደረቀ እንጨት ተሰነጠቀ። «ሠራተኛችን ነው። የእድሩ ሠራተኛ ነው። እንኳን በልቶ ማደር፣ ቢታመም የምናስታምመው፣ ቢሞት የምንቀብረው እኛ ነን። ተክሎ እያስቀመጠን ይሄን ልጅ ማን ያንሳው እያላችሁ ትከራከራላችሁ?»

ሠራተኛችን። ማንጠግቦሽ ያቺን ቃል እንደ ጠበል ጠጣቻት። ሞኙ አላሉም። የማንጠግቦሽም አላሉም። ሠራተኛችን። በዚያች ግድግዳ ሽንቁር የገባ ብርሃን ፊቷ ላይ አረፈ፤ ለካ እያለቀሰች ነው። ለራሷ ልቅሶ የራሷን እንባ ጨመረችበት።

ቄስ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን ይዘው ደረሱ። ሰዉ መንገድ ከፈተ። በሩን ገፋ አድርገው አንድ እግራቸውን እንዳስገቡ ጥማቱ አላስቻላትምና፦

«አበረ! ውሃ!» አለች።

ቄሱ እንዴት እንደ ወጡ እሳቸውም አያውቁት። «በስመ አብ» ያሉት በር ላይ ነው፣ «ወወልድ» ያሉት አስፋልት ላይ ነው ይባላል። ጩኸቱ ቀለጠ። ያልፈራ አበረ ብቻ ነው።

«አቤት እማ!» አለ። በጣሳ ቀድቶ ገባና አጠጣት። ጠጥታ እስክትጨርስ ጣሳውን ደግፎ ያዘላት። ከዚያ ወጥቶ ለሕዝቡ «መለሰች» አለ።

መለሰቻ! ድንኳን ደግሞ ለማይመልስ ሰው ነው። ስለዚህ አበረ ወደ ሥራው ሄደ፤ ካስማውን አንድ ባንድ መንቀል ጀመረ። «ኧረ ቆይ፣ ሰው አለ!» ሳይሉት ሸራው ከነብረቱ እድርተኛው ላይ ዘፍ አለ። ማንጠግቦሽ ጋቢዋን ተከናንባ በሩ ላይ ስትቆም፣ ሉማሜ በሞላ ከሸራ ስር እንደ ዶሮ ጫጩት ይርመሰመሳል።

አያ እንዳላማው ቆባቸውን ጥለው፣ አቧራ ለብሰው ወጡ። አበረ ብረቱን እየፈታ ነው፤ ቀዩን ከቀዩ። ማንጠግቦሽ ነገሩ ገባት፤ ያቺ አንዲት ጥፋት፣ የመጨረሻዋ፣ ይቺ ናት።

«አያ እንዳላማው» አለች ቀድማ። «ሠራተኛችን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«የተናገርሁት ሞተሻል ብዬ ነዋ!»

«በልቅሶ ላይ የወጣ ቃል ይታጠፋል እንዴ?»

«አልሞትሽም እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!»

«እሱ የኔ ጥፋት ነው? እናንተ አልቅሳችሁልኛል፤ እኔም ሰምቻለሁ፤ አበቃ።»

ድንገት ከአያ እንዳላማው ሆድ አንድ ነገር ገንፍሎ ወጣ። ሳቅ ነው። ሚስታቸው «ያው ጥርሱ! ያው!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያማ ሁሉም ሳቀ። ቄሱም ከአስፋልቱ ተመለሱ።

«ልጁ ጠርቷታል» አሉ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «እኛ ግን ይሄን ሁሉ ስናለቅስ አንድም የጠራት የለም።»

እዚያው ተፈረደ። ሥራው የአበረ ነው፤ ፋሲካ ይጠበቅ የሚባል ነገር ቀረ። ከእንግዲህ ግን ብቻውን አይሁን፤ እሱ ይጥራ፣ የሺዋስ ደግሞ እጁን ከተኛው ሰው ደረት ላይ ያድርግ፣ ከዚያ ይተከል። የሺዋስም አረቄውን ይቀንስ ተባለ፤ ይሄኛው ብዙም አልተጠበቀ። የተቀቀለ ንፍሮ አይደፋምና ቁጭ ብለው በሉት። ማንጠግቦሽም ከራሷ ንፍሮ ቆነጠረችና «ጨው አንሶታል» አለች።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ አበረ «እማ!» ሲል ግድግዳውን አልፎ ለጤናዬ ይሰማታል። ማንጠግቦሽም ፈጥና «አለሁ! ድንኳኑን እንዳትነካ!» ትላለች።

ብዙ ዓመት እንዲህ አለች። አንድ ጠዋት ግን ጤናዬ ጥሪውን ሰምታ መልሱን ጠበቀች። አበረ ደግሞ ጠራ። ደግሞ ጠራ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወጥቶ የሺዋስን አመጣው። የሺዋስ እጁን ደረቷ ላይ አድርጎ ቆየ፤ ራሱን ነቀነቀ።

አበረ ቁልፉን ከአንገቱ ሲያወጣ ጤናዬ «ዛሬስ አንተ ሐዘንተኛ ነህ፣ ወንድሜ፤ ቁጭ በል፣ ሌላ ሰው ይተክላል» አለችው።

«የኔ ሥራ ነው» አላት።

ተከለው። እንባው እየወረደ፣ ቀዩን ፈልጎ ወንድሙን ገጠመለት። አርጅተው በከዘራ የሚሄዱት አያ እንዳላማው ዝቅ ብለው ካስማውን ያዙለት፤ እሱ መታው። ድንኳኑ ሲቆም ሰዉ እየመጣ ነበር፣ ሰልፉ ከአስፋልቱ ወዲያ ማዶ ድረስ ደርሷል፤ ሁሉም መጀመሪያ የሚያቅፈው እሱን ነው።