የማሙሽ ፎቶ

አባትየው ሆስፒታል ከተኙ ወዲህ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር «ማሙሽን አሳዩኝ» ነው የሚሉት። ልጃቸው ፎቶ አንሺ ነው። ጢሙ ሸብቶ፣ የልጆች አባት ሆኖ በሕፃንነት ስሙ መፈለጉ ሆዱን አባባው። ስቱዲዮውን ዘግቶ እየበረረ መጣና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አለሁ አባዬ፣ መጣሁልህ።»

ሽማግሌው በትከሻው አሻግረው በሩን እያዩ፣ «አንተን ማን ጠራህ? ማሙሽን ነው ያልኩት» አሉት።

ስታስታምማቸው የነበረችው እህቱ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ። ማሙሽ አጋዘን ነው። አባታቸው ዕድሜያቸውን በጠባቂነት በጨረሱበት የአራዊት ማቆያ ውስጥ እናቱ ሞታበት በጡጦ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በዓለም ላይ ስም ያለቀ ይመስል የልጃቸውን ስም አወጡለት!

ሐኪሟ ግን ኮሪደር ላይ ጠርታ የነገረቻቸው የሚያስቅ አልነበረም፤ ዛሬን ማደራቸውንም እንጃ አለች። ፎቶ አንሺው ቅናቱን ዋጥ አድርጎ ካሜራውን አንጠልጥሎ ወደ አራዊት ማቆያው ሮጠ።

አጋዘኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ከሽቦው ውጭ ለቆመ ሰው የሚታየው ጀርባውና የጥምዝ ቀንዶቹ ጫፍ ብቻ ነው። የቀረበለት ሣር እንዳለ ደርቋል።

«እሳቸው ከቀሩ ጀምሮ እህል ውሃ አይልም» አለ ተረኛው ጠባቂ።

«ታዲያ ይህን ጀርባ ይዤላቸው ልሂድ? እንዲህ ሆኖ ካዩት እኮ እዚያው ነው የሚያልቁት!»

አጨበጨበ። አፏጨ። ሽቦውን በቁልፍ አንኳኳ። ስቱዲዮ ውስጥ ያኮረፈ ሕፃን የሚያስቅበትን ዘዴ ሁሉ ሞከረ፣ እንደ በግም ጮኸ። አጋዘኑ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። እህቱ ደወለች።

«ቶሎ በል፣ እየደከሙብን ነው።»

ሽቦውን ጨብጦ ተንበረከከ። «በፈጠረህ ተነሣ! ምን አለበት አንድ ጊዜ ብትነሣልኝ?»

«በስሙ ጥሩት እንጂ» አለ ጠባቂው።

እስካሁን ያልሞከረው እሱን ብቻ ነበር። ያን ስም ለእንስሳ ብሎ ከአፉ ማውጣት አንገሽግሾታል። ጉሮሮውን ጠረገና ልክ እንደ አባቱ ድምፁን አጎርንኖ ተጣራ።

«ማሙሽ! ና ብላ!»

አጋዘኑ ተነሣ። እየተንገዳገደ ዞረ፤ ቀንዱን ቀና አድርጎ ከሽቦው ማዶ ሰው ፈለገ። ፎቶ አንሺው ዓይኑን እንባ እየጋረደው ፎቶ አነሣው። እንስሳው የሚፈልገውን ሰው ሲያጣ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ዞረና ተኛ።

ሆስፒታል ሲደርስ ሽማግሌው ዓይናቸውን መግለጥ አቅቷቸው ነበር። እህትየው ቀና አድርጋ ደገፈቻቸው፤ እሱ ካሜራውን ፊታቸው ያዘ። እንደ ምንም ዓይናቸውን ገልጠው ፎቶው ላይ ቀንዱን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ማሙሽዬ» አሉ። «በላህ?»

እህትየው ወንድሟን አየችው።

«በላሁ አባዬ» አለ ፎቶ አንሺው።

«ጎበዝ ልጅ» አሉ አባትየው፣ ዓይናቸውን ከአጋዘኑ ሳይነቅሉ።