የላቀው እጅና የሰንበቴው ዳቦ

ላቀው በድንበር ጸብ ናሁሰናይን በገጀራ የገደለው ዓርብ ነው። ይህን እኔ አልቀባባሁትም፤ ሰው አይቷል። የቀባባሁት ሌላውን ነው። ቅዳሜ አመሻሽ የሰፈሩ ጎረምሶች ይዘው ሲያመጡት፣ «ይኸ ሰውዬ መጫኛ በጥርሱ በጥሶ፣ ፈረስ ቤት ከተማ ድረስ ሳያርፍ የሮጠ ነው» አልኋቸው። ፈረስ ቤትን ያየም አይመስለኝ። ወሬው ስላማረኝ ነው።

እነሱ አመኑኝ። በውኃ በራሰ ጠፍር እጁን አስረው ደጀ ሰላሙ ውስጥ አስቀመጡት። ጠፍሩ ሲደርቅ ጠበቀ። ፖሊስ ከቡሬ እንዳይመጣ ወንዙ ሞልቷል። እሑድ ረፋድ ላይ የላቀው ጣቶች ጠቁረው አብጠው ነበር።

«ኧረ ጠፍሩን አላሉለት፤ ዋሽቼ ነው» አልሁ።

«አንተ ወንዳወቅ፣ አሁን ነዋ የምትዋሽ!» አለኝ ዘሚካኤል፣ የሟች አጎት። ሳቁብኝ። «ደግሞ ሰው የገደለ እጅ ቢበሰብስስ?»

አባ ገብረ ኢየሱስ «ፍርድ የዳኛ ነው» አሉ። ሊፈታው የተነሣ ግን የለም።

የዕለቱ የሰንበቴ ተራ የሟች እናት የእማማ ንግሥቴ ነበር። «ሌላ ይያዝልዎት» ቢባሉ፣ «ለልጄ ነፍስ ይሁን» ብለው ዳቦውን አስይዘው መጡ። ደንባችን አንድ ነው፤ በሰንበቴ ሰዓት ደጀ ሰላሙ ውስጥ የተገኘ ሁሉ ይቀምሳል። ዳቦው ዞሮ ዞሮ ላቀው ዘንድ ቆመ።

«ይለፈው!» አለ ዘሚካኤል። «ነፍስ አጥፍቶ ደግሞ እንደ ሰው ሊቆረስለት?»

«ደንቡን የሠራኸው አንተ ነህ?» አሉ እማማ ንግሥቴ።

«እሺ፣ እጁ ታስሯል። ማን ያጉርሰው?»

ጉርሻ የወዳጅ ነው።

«እኔ አላጎርሰውም» አሉ እማማ ንግሥቴ። «በገዛ እጁ ይብላ። ፍቱት።»

ስድስት ጎረምሳ ዱላ ይዞ ከቦት ተፈታ፤ ስድስቱም በእኔ ወሬ የቆሙ ናቸው። ላቀው ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ አልታጠፉለትም። ዳቦው ወደቀ።

እማማ ንግሥቴ አነሡት፤ አራግፈው ሳሙትና ለእኔ ሰጡኝ።

«አጉርሰው። ያሳሰርኸው አንተ ነህ።»

ቆርሼ አጎረስሁት። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አላመጠ። ጠፍሩን መልሶ ያነሣ አልነበረም።

ፍኖተ ሰላም ለፍርድ ሲቀርብ ሁለት ጣት ጎድሎት ነበር። ለገደለው ሃያ ዓመት ፈረዱበት። ጣቶቹን የፈረደበት ዳኛ ግን የለም።

ይህን ሳወራ፣ «ሳጎርሰው ጣቴን ሊበጥሰው ምንም አልቀረው» እላለሁ። ሰው ይስቃል። ውሸቴን ነው፤ ጥርሱ እንኳ አልነካኝም።