እትዬ ታደለች የሰሙት ሥራ

ፍሬው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጠላቂ ነው። ውሃ ውስጥ ገብቶ መርከብ ይጠግናል፣ የሰመጠ ዕቃ ያወጣል። ሰርጓጅ መርከብ ከባሕር ወለል አልነሣ ሲል ደግሞ ውስጡ ያሉትን ሰዎች ለማዳን ይወርዳል። እናቱ እትዬ ታደለች ግን ሹፌር ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ስሕተቱ የተፈጠረው በስልክ ነው። ፍሬው የጠላቂነት ትምህርቱን የጨረሰ ቀን ደውሎ፣ "እማዬ፣ ዳይቨር ሆንኩ" አላቸው። እትዬ ታደለች ያን ጊዜ ቫን ናይስ በሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ቤት አስታማሚ ነበሩ። አሮጊቷ የሚከፍቱት ቴሌቪዥን ይጮኻል። "ድራይቨር" ብለው ሰሙ። የሚያውቋቸው ሰዎች ልጆች ግማሾቹ ድራይቨሮች ስለሆኑ እንግዳ ነገር አልሆነባቸውም፤ እልል አሉ። ፍሬው ሊያርማቸው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ታናሽ ወንድማቸው አዋሽ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ ከሞተ ወዲህ እትዬ ታደለች ውሃ ይፈራሉ። ሳንታ ሞኒካ የባሕር ዳርቻ እንኳ ቢሄዱ ለባሕሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚቀመጡት።

ከዚያ በኋላ በደወለ ቁጥር ይጠይቁታል።

"ትራፊኩ እንዴት ነው?"

"ዛሬስ ጭር ያለ ነው።"

"ቢሆንም ቀስ ብለህ ንዳ።"

"ኦኬ እማዬ።"

እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት አለፉ። ፍሬው መጀመሪያ ወደብ ላይ ከመርከብ ሆድ የተጣበቀ ዛጎል ሲፍቅ ኖረ። ጥልቀት ሲለምድ ሳንዲዬጎ ወዳለ፣ ሰርጓጅ ውስጥ የቀሩ ሰዎችን ወደሚያድን ቡድን ተዛወረ። አምና የሌላ አገር ሰርጓጅ ሞተሩ ጠፍቶ ባሕር ወለል ላይ ሲቀመጥ የተጠራው ይህ ቡድን ነው። የመውጫው በር ላይ የዓሣ መረብ ተጠምጥሞበት ስለነበር ሰዎቹን የሚያወጣው መሣሪያ ሊገጥም አልቻለም። ፍሬው ወረደና መረቡን በቢላዋ ይቆርጥ ጀመር። ከውስጥ ብረቱን ሲያንኳኩ ይሰማዋል። በቢላዋው እጀታ መልሶ አንኳኳላቸው። ሁሉም በሕይወት ወጡ፣ ፍሬውም ሜዳልያ ተሸለመ።

እትዬ ታደለች ሽልማቱን ሲሰሙ ሐበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ላገኙት ሰው ሁሉ፣ "ልጄ አንድ ቀን እንኳ ሳያጋጭ ነድቶ ተሸለመ" እያሉ አወሩ።

ፍሬውን የከነከነው ግን ወሬው አልነበረም። ሰኞ ለረጅም የባሕር ጉዞ ይነሣል። ከቤት በወጣ ቁጥር እናቱ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁታል፤ ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ ከኋላ የሚመጡትን መኪኖች ሳይቀር። ያ ሁሉ ምርቃት በዓለም ላይ ለሌለ ሹፌር የሚሄድ መሰለው። በዚህኛው ጉዞ በእውነተኛ ሥራው ተመርቆ መሄድ ፈለገ። እውነቱን ሰምተው አልመርቅህም ቢሉትስ?

እሑድ እናትና ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በፍሬው መኪና ወደ ጋሼ ንዋይ ምግብ ቤት ሄዱ። ፌርፋክስ ላይ በሁለት መኪኖች መካከል አንድ ቦታ ተገኘ። ፍሬው ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። የኋላው ጎማ እግረኛ መንገዱ ላይ ወጣ።

"ቁም፣ ዛፉን ልትገጨው ነው" አሉ እትዬ ታደለች። "ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፓርክ ማድረግ ለማይችል ሰው ነው እንዴ መንግሥት ሜዳልያ የሚሰጠው?"

ፍሬው ሞተሩን አጠፋ።

"እማዬ፣ ድራይቨር አይደለሁም። ዳይቨር ነኝ።"

"እሱን አይደል የምለው?"

"አይደለም። ጠላቂ ማለት ነው። ውሃ ውስጥ የሚገባ።"

እትዬ ታደለች ቀበቷቸውን ፈቱ፣ መልሰው አሰሩት።

"ትራፊኩ ጭር ያለ ነው ስትለኝ የነበረው?"

"ዓሣ ብቻ ስለነበረ ነው።"

ሊስቁ ብለው ተዉት። "የወንድሜን ነገር እያወቅህ?"

"እያወቅሁ ነው ያልነገርኩሽ።"

"ሜዳልያውስ የምንድን ነው?"

ስለ ሰርጓጁ፣ ስለ መረቡ፣ ከውስጥ ስላንኳኩት ሰዎች ነገራቸው። እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሰሙት።

"መልሰህ አንኳኳህላቸው?"

"አንኳኳሁላቸው።"

"ደግ አደረግህ። ስትወርድ ብቻህን ነህ?"

"ከመርከቡ እስከ ራስ ቁሬ የሚደርስ ገመድ አለ፤ አየሩም ወሬውም በሱ ነው የሚመጣልኝ። ሄክተር የሚባል ጓደኛዬ ላይ ሆኖ ይይዘዋል። እኔ ሳልወጣ ሽንት ቤት እንኳ አይሄድም።"

"የኔን ወንድም ሁላችንም ዳር ቆመን ነው ያየነው" አሉ እትዬ ታደለች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የሚያዝ ገመድ አልነበረም።" ወደ ፍሬው ዞሩ። "ይኼ ሄክተር እናት አለችው?"

"አለችው። ግሌንዴል ነው የምትኖረው።"

"ጎንበስ በል።"

ፍሬው መሪው ላይ ጎንበስ አለ። እትዬ ታደለች እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ የመኪናው መስታወት ስለከለከላቸው አንዱን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፉት። እንደ ልማዳቸው በጎማ ሊጀምሩ ነበር፤ ቆም ብለው አሰቡ።

"አምላክ ስትወርድ አብሮህ ይውረድ፣ ስትወጣ ይዞህ ይውጣ። አየሩን አይቁረጥብህ። የሄክተርን ክንድ ያበርታ፣ ለእናቱም ያቆየው።"

"አሜን" አለ ፍሬው። ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ እናቱ የነጠላቸውን ጫፍ አቀበሉት።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ጋሼ ንዋይ ተነሥተው ተቀበሏቸው።

"እንኳን ደስ አለዎት እትዬ ታደለች። በዚህ ፍሪዌይ ሳያጋጩ መንዳት ቀላል ነው እንዴ?"

"ማን ነው ሹፌር ነው ያለዎት?"

"ኧረ እርስዎ ነዎት።"

"እንግዲያው ተሳስቻለሁ። ባሕር ውስጥ ገብቶ ሰው የሚያወጣ ነው" አሉ እትዬ ታደለች፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። "ይቀመጡ፣ ልንገርዎ።"

ጋሼ ንዋይ ወንበር ሳቡ። ፍሬው እጁን ሊታጠብ ሄደ። ሲመለስ እናቱ ስለ ሄክተር ሲያወሩ ደረሰ።