ጀርባውን ሰጠኝ

...ዳኛው ደግሞ እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን አለ፣ ፊሽካው አንገቴ ላይ ነው፣ የልጄ የኋላሸት ኮሌታ እጄ ውስጥ፣ ልቀቀኝ አባ አይልም፣ ቢል ጥርሱን አረግፈዋለሁ፣ አቧራው ገና አልወረደም፣ የተገጨው የሙሐሲን ጩኸት ከውስጡ ይመጣል፣ ባጃጁ በጎኑ ተኝቶ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፣ እግሩ ከሥር ነው፣ አንሱለት እንጂ ምን ቆማችሁ ታያላችሁ፣ አነሱት። አጥንቱ። ነጭ።

የከብት ገበያው ሜዳ ላይ ችካል ተክለው ባጃጅ ሊያሽቀዳድሙ ሲነሱ ጋሼ ካሳ ይዳኙን አሉኝ፣ የጥምቀትን ጉግስ የምዳኝ እኔ ስለሆንኩ፣ ደንቡን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፣ ከኋላ የገጨ ይወጣል፣ ቁልፉን ያስረክባል፣ ዓመት ሙሉ አይወዳደርም፣ ሁሉም እሺ አለ፣ እሱም እሺ አለ፣ ቅድም፣ በዚሁ አፉ።

ለምን ገጨኸው።

ጀርባውን ሰጠኝ አባ።

ጀርባውን ሰጠኝ። የጉግስ ነገር ነው፣ ፈረስ ላይ አውጥቼ ያስተማርኩት፣ ጀርባውን ሲሰጥህ ድረስበትና ወርውር፣ ግን ያኛው ጋሻ አንግቧል፣ ዱላው ጋሻው ላይ ነው የሚያርፈው፣ ይሄ የባጃጅ ሸራ ነው፣ ደደብ፣ ከሸራው ውስጥ ሰው አለ።

ቁልፉን እቀበለዋለሁ፣ ወጥተሃል፣ ዓመት አትወዳደርም፣ ደንቡ ይኸው ነው፣ ሜዳው ያጉረመርማል፣ ይቺ ናት ቅጣት፣ ቁልፉንማ ማታ እራት ላይ ይመልሱለታል፣ ይስቃሉ፣ ፋዘር ለኛ ይልቀቁልን እኛ እንቀጣዋለን፣ ዱላ ይነሳል፣ ድንጋይ ይለቀማል፣ የልጄን ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ፣ ልቅደማቸው፣ የሚሰበር ነገር ካላዩ አይለቁትም።

ችካል የመቱበት መጥረቢያ መሬት ላይ ነው፣ አነሳዋለሁ። የኋላሸትን ወዲያ ገፍትሬ የሱን ባጃጅ እመታለሁ፣ መስታወቱ ይረግፋል፣ እሰይ ይላሉ፣ ሰብሌ ልጄ ጅዳ ሰው ቤት ስትጠርግ ስታጥብ ኖራ ለወንድሟ የገዛችው ባጃጅ፣ እሰይ፣ ድንጋዩን ጣሉ፣ ዳነ፣ ልጄ ዳነ፣ በቃ አቁም ካሳ፣ አላቆምም፣ መብራቱ፣ መሪው፣ ወንበሩ፣ ቆርቆሮው እንደ ጎድን ይሰበራል፣ ደስ ይላል፣ ምን ጉድ ነው ደስ ይላል፣ አንድ እጅ ክንዴን ይይዛል፣ አሕመድኑር ነው፣ የሙሐሲን አባት፣ ይበቃል ወንድሜ፣ ወላሂ ይበቃል፣ ልጄ እግሩ ነው እንጂ ነፍሱ አለች፣ እገፈትረዋለሁ፣ ልጁ የተሰበረበትን ሰው፣ በአፈሩ ላይ ይወድቃል፣ የኋላሸት ሮጦ ባጃጁ ፊት ይቆማል፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ አባ የሰብልዬ እኮ ነው፣ ዞር በል፣ አይዞርም፣ ዞር በል አልኩህ፣ መጥረቢያው ከራሴ በላይ ነው፣ ክንዴ ወደ ታች ይለኛል፣ ያ ሁሉ ድንጋይ ሲለቀምለት ፍጥጥ ብሎ ያየ ልጅ፣ እኔን ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ።