ውሃ ያላሉበት ቀን

የሥጋ ቤቱ ባለቤት ገብረየሱስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ ከች ሲል፣ ዕፀገነት ገና የመሳያውን ሞተር አላስነሳችም ነበር። ጌጃ ሰፈር ያለችውን ያችን ጠባብ የቀበሌ ቤት ሳያንኳኳ የሚገባ ደንበኛ እሱ ብቻ ነው።

«ጋሽ ዱሬሳ! አሉ ወይ?» አለ፣ ቤቱን ለሁለት ወደሚከፍለው ኮምፔንሳቶ እየጮኸ።

«የት እሄዳለሁ ብለህ ነው?» አሉ አባቷ ከወዲያ በኩል፣ ከአልጋቸው ሳይነሡ።

ገብረየሱስ ስቆ ጋዜጣውን ፈታ። ከከባድ መኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የወጣ፣ ገና ስለት ያልወጣለት ረጅም ቢላዋ ነበር። «ይቺን እንደ ድሮዋ ሁለቱንም ጎኗን ጎድጎድ ያድርጉልኝ። ሥጋው ሳትነካው ይከፈልላት! እሁድ ፋሲካ ነው። ይቺን ካዩ ወንድሞቼም ሦስቱም የየቤታቸውን ቢላዋ ይዘው ይመጣሉ። ሕመሙ እጅዎን አለመንካቱ፣ ተመስገን ነው!»

«እግሬ ነው የከዳኝ። እጄን ምን አግኝቶት!»

ገብረየሱስ ሲወጣ ወደ ዕፀገነት ዞረ። «አንቺ ልጅ፣ ሥራ እንዳታስፈቻቸው። እጅ እንደ ብረት ነው፤ ካረፈ ይዝጋል።»

የጋሽ ዱሬሳ ቀኝ እጅ ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ ከጋቢው ሥር ወጥቶ ማንኪያ እንኳ አንሥቶ አያውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ የቢላዋውን ስለት የምታወጣው ዕፀገነት ናት። እጀታው በሚገባበት በኩል የአባቷን ምልክት፣ ሦስቱን ነጥብ፣ የምትመታውም እሷ ናት። ለደንበኛ የምትነግረው «አባዬ ሰው ሲያያቸው መሥራት አይወዱም» ብላ ነው። ነገሩን ያበጁት አባቷ ራሳቸው ናቸው። «ዶሮ ለማሳረድ በር ላይ ቆማ አላፊ ወንድ የምትለማመጥ ሴት፣ የሥጋ ቤት ቢላዋ ስለት ታወጣለች ብሎ ማን ያምናል?» ነበር ያሏት።

ከሐዋሳ የመጣው ደብዳቤ አሁን ኪሷ ውስጥ ነው። አንድ የሙያ ማሠልጠኛ በብረታ ብረት ክፍሉ ረዳት አድርጎ ቀጥሯታል፤ በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት መገኘት አለባት። ሰበታ ያሉት አክስቷ እትዬ ጠጅቱም «ወንድሜን አምጪልኝ፣ ክፍል አለኝ» ካሉ ሰንብተዋል። ጋሽ ዱሬሳ ግን ያው አንድ ቃል ናቸው፤ «ቢላዋ እየመጣልኝ ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው።» ትናንት ደብዳቤውን ስታነብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እውነቱን ብታወጣው አባቷን በሰፈሩ ፊት ማዋረድ ይሆናል። ቢላዋው ቢበላሽ ግን ማንም አይዋረድም። «እርጅና ነው፤ ምን ይደረግ» ይባላል፣ ደንበኛው ይቀራል፣ እሳቸው ሰበታ ይገባሉ፣ እሷም መንገዷን ትሄዳለች። ሌሊቱን ሙሉ ስታስብበት ያደረችው ይህንን ነበር።

ጠርዙን በማርከር አጠቆረችና መሃል ለመሃል በምስማር መስመር ጫረችበት። የሁለቱ ጎን ጉድጓድ እዚያ መስመር ላይ ካልተገናኘ ስለቱ ጠማማ ይሆናል። ከዚያ ሞተሩን አስነሣች። ከተጣለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የተፈታ ሞተር ነው፤ ጣውላ ላይ በቡሎን ታስሮ ክብ ድንጋይ ያዞራል። ብረቱን የሚያጎደጉደው የድንጋዩ ክብነት ነው። ቢላዋውን ከእጀታው በኩል አስጠግታ ሳታቋርጥ ወደ ጫፉ ጎተተችው።

«ውሃ!» አሉ ጋሽ ዱሬሳ።

ባልዲው ውስጥ ነከረችው። ቸስ አለ። ብረቱ ሲግል ድምፁ እንደሚቀጥን ያውቃሉ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ዘግይተው አያውቁም።

ጎተተች። «ውሃ!» ነከረች። ጎተተች። «ውሃ!»

የመጀመሪያው ጎን ሊያልቅ ሲል ጫፉ እንደ ወረቀት ሳስቶ ነበር። እዚያው ድንጋዩ ላይ አቆመችው። እስከ አሥር ድረስ ብትቆጥር ይበቃል። ብረቱ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ጥንካሬው አለቀ፣ ማንም ቢስለው ስለት አይዝም።

አንድ። ሁለት። ድምፁ ቀጠነ። ከግድግዳው ወዲያ የሚመጣውን ቃል ጠበቀች። ሦስት። ድምፁ እንደ ወባ ትንኝ ሆነ። አራት። አልጋው ሲንቋቋ ሰማች፤ ነቅተዋል፣ እየሰሙ ነው። ምንም አላሉም። አምስት። አውራ ጣቷን ፈጃት። ጫፉ ላይ ከሰማያዊው በፊት የሚመጣው የገለባ ቀለም ብቅ አለ።

እጇ ወደ ባልዲው ሄደ። እሷ አላዘዘችውም። ቸስ ሲል ነው ያወቀችው።

አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። የገለባው ቀለም እዚያው ቆሟል፤ ሰማያዊ አልሆነም። ጉድጓዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው፣ ምንም እንከን የለበትም። ሞተሩን አጠፋች።

«ዕፀ» አሉ ጋሽ ዱሬሳ። «ለምን አነሣሽው?»

ዕፀገነት ቢላዋውን በጨርቅ አደረቀች።

«እኔኮ ይበላሽ ብዬ ነበር ዝም ያልኩሽ።»

«ሰምቻለሁ፣ አባዬ።»

ጣቷን በምላሷ አራሰች። ቢላዋው ሌላ ጎን አለው፤ በአንድ ጎኑ ብቻ የጎደጎደ ቢላዋ ደግሞ ለማንም አይሆንም። ገለበጠችው። ሞተሩ እንደገና ጮኸ፤ ከእጀታው በኩል አስጠግታ ጎተተች።

«ውሃ» አሉ ጋሽ ዱሬሳ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።